የደቦውን ምሳ ማን ያበላል? 200 ቤት አገናኝቶ ኃይል ስለመሸጥ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስታርታፕ ልንጀምር ነው። 200 ቤቶች ላይ ሶላርና ባትሪ ተክለን፣ ሁሉንም በስልክ አፕ አገናኝተን፣ እንደ አንድ ማመንጫ ለመብራት ኃይል ልንሸጥ አስበናል። ውጭ አገር ቨርቹዋል ፓወር ፕላንት የሚሉት ነው። በዚያውም የሰፈሩ መብራት መጥፋት ይቀራል። አፑን ግማሽ አድርሰነዋል። ከዕቁብና ከቤተሰብ 1.2 ሚሊዮን ብር ይዘናል። እንግባበት ወይ?»

በዚህ መልኩ አትግቡበት። አፑንም ለጊዜው ዝጉት። ገንዘቡ ግን ጥሩ ቦታ ሊውል ይችላል፤ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ጥያቄው ውስጥ የተደባለቁትን ነገሮች እንለያይ።

ቨርቹዋል ፓወር ፕላንት ደቦ ማለት ነው። ሃያ ገበሬ እያንዳንዱ ጥማዱን ይዞ በአንድ ቀን አንድ ማሳ ላይ ይወጣል። በሬዎቹ አዲስ አይደሉም፤ ድሮም በየቤቱ ነበሩ። አዲሱ ነገር በአንድ ቀን መጠራታቸው ነው። የቤት ባትሪው፣ የጣሪያ ሶላሩ፣ የመኪና ቻርጀሩ፣ የውሃ ማሞቂያውም እንደዚያው በየቤቱ ተበትኗል። ሶፍትዌሩ «አሁን ስጡ»፣ «አሁን ሙሉ»፣ «አሁን ቆዩ» እያለ ያዛቸዋል። ከኤሌክትሪክ መረቡ በኩል ሲታዩ አንድ ጣቢያ ይመስላሉ። እዚህ ድረስ ተግባብተናል። ግን ደቦ ሲወጣ የማሳው ባለቤት ምሳ ያበላል፣ ጠላ ይቀዳል። እናንተ በሬዎቹን ቆጠራችሁ እንጂ ማን እንደሚያበላ አልጠየቃችሁም። እንዲያውም በሬዎቹንም ራሳችሁ ልትገዙ ነው የተነሳችሁት።

ውጭ አገር የሚያበላው ይታወቃል። በፈረንጆቹ 2018 የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥትና ቴስላ እስከ 50,000 ቤት ለማገናኘት ዕቅድ አወጡ። ለየቤቱ 5 ኪሎዋት ሶላርና 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነበር የታሰበው። አሁን እዚያ የጅምላ ኤሌክትሪክ ሂሳብ በየ5 ደቂቃው ይሠራል፤ ዋጋውም አብሮ ይለዋወጣል። ሲረክስ ይሞላሉ፣ ሲወደድ ይሸጣሉ። የመረቡን ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን ምት፣ እንዳይዛባ ለሚደግፍም ራሱን የቻለ ገበያ አለ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2019 ኩዊንስላንድ ውስጥ አንድ ትልቅ የከሰል ጣቢያ በድንገት ሲወድቅ፣ ደቡብ አውስትራሊያ ያሉ የቤት ባትሪዎች በሰከንዶች ውስጥ ኃይል ለቀው ፍሪኩዌንሲውን ደግፈዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥም በፈረንጆቹ 2022 በጭንቅ ሰዓት ባትሪያቸውን ለለቀቁ ቤተሰቦች በኪሎዋት ሰዓት 2 ዶላር የሚከፍል ፕሮግራም ተጀምሯል። የከፈለው ሶፍትዌሩ አይደለም። ሌላ ማመንጫ ከመቀስቀስ ይህ ይሻለኛል ያለ ገዢ ነው።

እኛ ጋ ወደሚገዛው እንምጣ። የሚያመነጨውና በትልቁ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ለቤት የሚያከፋፍለውና ሂሳብ የሚሰበስበው ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በ2006 ዓ.ም. ተለያይተዋል፤ ሰው ግን እናንተንም ጨምሮ ሁለቱንም «መብራት ኃይል» ይላቸዋል። የቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን ይለያል እንጂ በሰዓት አይለይም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ የተጠቀማችሁትና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የተጠቀማችሁት ዋጋው አንድ ነው። የዋጋ ልዩነት ከሌለ በርካሽ ሞልቶ በውድ መሸጥ የሚባል ነገር የለም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የግል ባለሀብት ኃይል እንዲያመነጭ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ አመንጪው ፈቃድ ማውጣትና ከገዢው ጋር ውል መፈራረም አለበት። «የ200 ጣሪያ ባለቤቶች ወኪል ነኝና ግዙኝ» ለሚል ሰው የሚሞላ ፎርም ግን ደብረ ማርቆስ ካለው መስኮት አታገኙም። «መመሪያ ወጥቷል» የሚል ወሬ ብትሰሙ እንኳ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ፓኔል እንዳትገዙ።

የሚገርመው፣ መረቡ ደቦ መጥራት ያውቃል። በበዓል ዋዜማ ከፍተኛ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ማሽን እንዲያቆሙ ወይም እንዲቀንሱ የሚል ማስታወቂያ ትሰማላችሁ። ለዶሮው ወጥና ለእንጀራው ኃይል እንዲተርፍ ነው። ፈረንጆቹ ዲማንድ ሪስፖንስ የሚሉት ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ ክፍያው ምስጋና ነው።

ሌላው ያልቆጠራችሁት ተፎካካሪ ጣና ነው። ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ነው፤ አራት ተርባይን አለው፣ እያንዳንዱ 115 ሜጋዋት። ውሃው ሐይቁ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ምሽት ላይ ጭነት ሲጨምር ውሃ ይጨመርለታል፣ ሲቀንስ ይቀነሳል። ውሃ የያዘ ሐይቅ ራሱ ባትሪ ነው፤ ያውም የመሙላትና የመልቀቅ ዙሩ የማያልቅ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። የእናንተ 200 ቤት በ3 ኪሎዋት ሂሳብ 600 ኪሎዋት ይሆናል። የጣና በለስን አንድ ተርባይን ለማከል ከ38,000 በላይ ቤት ያስፈልጋችኋል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለሐሳባችሁ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አለ። ፀሐይ የምትበረታው በበጋ፣ የግድቡ ውሃ በሚወርድበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሶላር ውሃ ይቆጥባል። ያ ጥቅም ግን የአገር ነው፤ ለሦስት ወጣቶች በየወሩ የሚገባ ገቢ አይሆንም።

አሁን ወደ መብራት መጥፋቱ። እዚህ ላይ ነው በጣም የተሳሳታችሁት።

ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ዘመዴ ቤት አደርኩ። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አምፖሉ ቀላ አለ። ማቀዝቀዣው አጠገብ ያለው ስታቢላይዘር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። መልቲሜትሬን አውጥቼ ሶኬቱን ለካሁት፤ 220 መሆን ሲገባው 171 ቮልት። «ሦስቱም ጎረቤቶቼ ምጣድ ጥደው ነው» አለችኝ፣ እንደ ዘወትር ነገር። የሁሉም ቤት አንድ ፌዝ ላይ፣ ማለትም ከመስመሩ ሦስት ሽቦዎች በአንዱ ላይ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ነጎድጓዱ መጣ፣ ድርግም አለ። በማግስቱ ስንሰማ 15 ኪሎቮልቱ መስመር ላይ ባህር ዛፍ ወድቆበታል።

ያን ምሽት የአገሪቱ ማመንጫዎች ምንም አልሆኑም። ኃይሉ አለ፤ የተበላሸው መንገዱ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙው መጥፋት እንደዚህ ነው፦ የወደቀ ዛፍ፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር። ቨርቹዋል ፓወር ፕላንት የማመንጫ እጥረትን ያግዛል። የወደቀ ምሰሶ ግን አያነሳም።

ታዲያ መስመሩ ሲቋረጥ ባትሪያችን ሰፈሩን አያበራም ወይ? አያበራም፤ ማብራትም የለበትም። ከመረቡ ጋር የተሳሰረ ደህና ኢንቨርተር (የባትሪውንና የሶላሩን ኃይል ለቤት ወደሚሆን ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማሽን) መረቡ ሲጠፋ ወደ ውጭ መላኩን ወዲያው ያቆማል። ምክንያቱ ሰው ነው። ባህር ዛፉን ሊያነሳ የወጣው የመስመር ሠራተኛ ሽቦው ሞቷል ብሎ ይይዘዋል። ከእናንተ ባትሪ የወጣው 220 ቮልት ግን ትራንስፎርመሩን በግልባጭ ሲያልፍ 15,000 ቮልት ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ስፒና ባለው ገመድ ጄኔሬተሩን ከሶኬት ጋር የሚያገናኝ ሰው የምታውቁ ከሆነ ዛሬውኑ አስቁሙት። ቼንጅ ኦቨር፣ ማለትም ቤቱን ከመስመሩ ነጥሎ ወደ መጠባበቂያው የሚያዞር ማብሪያ፣ የሌለው ቤት ውስጥ ምንም ዓይነት መጠባበቂያ አትትከሉ።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው። ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ብቻ እንያዝ፤ የራሳችሁን ቁጥር ተኩበት። 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ 30,000 ብር ይሁን። 4,000 ዙር ይሥራ፣ በየዙሩም 80 በመቶውን ተጠቀሙ። በዕድሜው 3,200 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ሲካፈል ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 9 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ይመጣል። ይህ ባትሪው ብቻ ነው፤ ኢንቨርተሩም፣ የሞላችሁበት ኃይልም፣ በመንገድ የሚባክነውም አልተጨመረም። አሁን የቤታችሁን የመጨረሻ ደረሰኝ አውጡና የከፈላችሁትን ለኪሎዋት ሰዓቱ አካፍሉት። ከ2017 መስከረም ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ቢሆንም ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በዚያ ላይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለ200 ቤት በዚሁ ዋጋ 30 ሚሊዮን ብር ነው። የያዛችሁት 1.2 ሚሊዮን ነው።

ከመረቡ ጋር ከተወዳደራችሁ ትሸነፋላችሁ። ከጄኔሬተር ጋር ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ለ1 ኪሎዋት ሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ሰንብቷል። ስለዚህ ነዳጁ ብቻ ከ50 ብር በላይ ነው፤ ያውም ወረፋ ተሰልፎ ከተገኘ። ዘይቱ፣ ካንዴላው፣ ጩኸቱ ሌላ። መብራት ሲሄድ ሥራው የሚቆምበት ሰው ይህን ዋጋ ዛሬም ይከፍላል። የደቦውን ምሳ የሚያበላው እሱ ነው።

እዚህም ላይ ግን አትቸኩሉ። ባትሪውን፣ ኢንቨርተሩን፣ ገመዱን፣ ብሬከሩንና መትከያውን አንድ ላይ 250,000 ብር በሉት። ደንበኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ ብቻ መብራት ጠፍቶበት በየጊዜው 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ በ10 ዓመት 4,680 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሲካፈል 53 ብር ይመጣል። ከጄኔሬተሩ ነዳጅ ጋር አቻ ሆናችሁ ማለት ነው። በየቀኑ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ከሆነ ግን ወደ 23 ብር ይወርዳል። የመሙያው ኃይልና የብድር ወለድ አልተጨመሩበትም። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ደህና መስመር ላይ ያለ ደንበኛ አያዋጣችሁም፤ የሚያዋጣችሁ መብራት ዘወትር የሚጠፋበት ነው።

እንግዲህ ምክሬ ይኼ ነው። ለሁለት ዓመት ኃይል መሸጥን እርሱት። የማይቆም ሥራ ሽጡ። መሣሪያው የእናንተ ይሁን፣ ደንበኛው በየወሩ ኪራይና ጥገና ይክፈል። በአራት ደንበኛ ጀምሩ፤ ለአራት 1 ሚሊዮን ይሄዳል፣ 200,000 ብር ለብልሽት ይቀመጥ። ያችን 200,000 በምንም ሰበብ አትንኳት። ደንበኞቹ አንድ ከተማ ውስጥ፣ ቢቻል አንድ ፊደር (ከጣቢያው የሚወጣ አንድ የማከፋፈያ መስመር) ላይ፣ በእግር የምትደርሱባቸው ይሁኑ። መድኃኒት በማቀዝቀዣ የሚያስቀምጥ ፋርማሲ፣ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ወተት የሚያቀዘቅዝ ማኅበር። ወፍጮ ቤት አትንኩ። የ15 ኪሎዋት ሞተር ሲነሳ የሚስበው ኃይል የእናንተን ኢንቨርተር ይጥለዋል። ምጣድም እንደዚሁ። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገር 5 ኪሎዋት ሰዓት አለቀ። የአንድ ሌማት እንጀራ የባትሪውን ሆድ ባዶ ያስቀረዋል።

የምትተክሉት ከመረቡ የሚሞላ፣ ወደ መረቡ ግን የማይመልስ ይሁን። ውሉ ላይ ኪራይና ጥገና ብላችሁ ጻፉት፣ የኤሌክትሪክ ሥራ የብቃት ማረጋገጫውን ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን አውጡ። ሶላሩን በኋላ፣ ጣሪያው ለሚመች ደንበኛ ጨምሩ፤ በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ዕቃ ስትመርጡ ሻጩ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ብዙ ኢንቨርተሮች ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት እስከ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀታቸውን ማስወጣት ያቅታቸዋል። ባሕር ዳር 5 ኪሎዋት የሚሰጠው ማሽን እናንተ ጋ ሊያንስ ይችላል፤ መመሪያው ላይ ከፍታ የሚለውን መስመር አንብቡ። የጎጃም ክረምት መብረቁ አይጣል ነው። ኧርዝ በትክክል ያልተቀበረለትና የመብረቅ መከላከያ የሌለው ኢንቨርተር አንድ ክረምት አይሻገርም። ያገለገለ ባትሪ «እንደ አዲስ ነው» ብሎ የሚያመጣላችሁን አትስሙ፤ መቆጣጠሪያ ሰርኪዩቱ የተነካካ ሊቲየም ባትሪ ቤት ያቃጥላል።

አፑስ? አፑ የሚጠቅማችሁ ለክትትል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አትርሱ። ስለዚህ ማሽኑ ውሳኔውን እዚያው ቦታው ላይ ይወስን፣ መረጃውን እዚያው ይመዝግብ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይላክ። ሰርቨራችሁ ቢሞትም የፋርማሲው ማቀዝቀዣ መሥራት አለበት። ከኢንቨርተሩ ጋር የሚያወራው ደግሞ በሞድባስ፣ ማለትም የተለያዩ አምራቾች ማሽኖች በሚግባቡበት ክፍት ቋንቋ ይሁን፤ ባለቤቱ ብቻ በሚከፍተው የተዘጋ ሲስተም አትታሰሩ። አንድ ቀን የሰዓት ታሪፍ ቢመጣ ወይም ገዢ ቢገኝ፣ እነዚያው ማሽኖች ለደቦ የሚጠሩ በሬዎች ይሆናሉ። ያኔ የሁለት ዓመት መዝገብ በእጃችሁ ይኖራል፤ ውል ስትጠይቁ ዋጋ የሚኖረው እሱ ነው።

ስለ ምጣዱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ባትሪ ሳይገዛ የሚሠራ ደቦ እሱ ነው። ሰፈራችሁ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር 100 ኬቪኤ ነው እንበል፤ ለምጣድ ሲሆን 100 ኪሎዋት ገደማ ይችላል ማለት ነው። 28 ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢጣድ 98 ኪሎዋት ነው፤ ሞላ። አምፖልና ቴሌቪዥን ገና አልተቆጠረም። እነዚያው 28 ቤቶች በሦስት ፈረቃ ቢጋግሩ ግን ትራንስፎርመሩ ተንፍሶ ያድራል። ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ዕድሩ ሲሰበሰብ ይነገር። ፍኖተ ሰላም ለዘመዴ ይህንኑ ነግሬያት ነበር። «ቅዳሜ ከሰዓት ለማን ልተው?» አለችኝና ሳቀች። እውነቷን ነው፤ ፈረቃው ለሁሉም የሚመች አይሆንም። ግን አንድ ሰፈር ላይ ተሞክሮ ቮልቴጁ ከፈረቃው በፊትና በኋላ ቢመዘገብ፣ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ይዛችሁት የምትገቡት ወረቀት ይሆናል። መለካቱን ከየቤቱ ሶኬት ላይ አድርጉት። ትራንስፎርመሩ ሥር በራሳችሁ እንዳትቆሙ።

ከሁሉ በፊት ግን ዕቃ ሳትገዙ ደብተር ግዙ። ደንበኛ ይሆናሉ ካላችኋቸው ስምንት ወይም ዐሥር ሱቆች ጋ አንድ አንድ አስቀምጡ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት፣ የመጣበትን ሰዓት፣ ጄኔሬተር ካለም የገባለትን ቤንዚን ይጻፉበት። አንድ ወር ይበቃል። መዝገቡን ላኩልኝ፤ የባትሪውንና የኢንቨርተሩን መጠን ያኔ አብረን እናሰላዋለን።